ካርዱ በማን ኪስ ነው ያለው?

ርዕሰ አንቀጽ

በካምፓችን ካሉት ሱቆች የአንዳንዶቹ መሳቢያ ቢከፈት ከሽልንጉ ሌላ የሚገኝ ነገር አለ። እሱም በላስቲክ የታሰረ የባንክ ካርድ ነው። በየካርዱ ላይ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ስምና አራት ቁጥር ተጽፎ ተለጥፏል። ካርዶቹ የባለሱቁ አይደሉም። ዱቄትና ዘይት በዱቤ የወሰዱ ደንበኞች በመያዣነት ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። ይህን የማያውቅ የካኩማም ሆነ የካሎቤዬ ነዋሪ አለ ብለን አናምንም። ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን በአደባባይ ሲነገር አይሰማም። እኛ ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ካኩማ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የምግብ ርዳታ ማለት በጆንያና በጄሪካን እየተሰፈረ የሚታደል ራሽን ነበር። ሰው የተሰጠውን ይወስዳል። ለልጅ ወተት፣ ለወጥ ሽንኩርት፣ ለልብስ ሳሙና ሲያስፈልገው ከራሽኑ ቀንሶ በርካሽ ይሸጣል። በ2015 ባምባ ቻኩላ መጣ። በስዋሂሊ የአራዳ አነጋገር «ምግብህን ያዝ» እንደ ማለት ነው። የራሽኑ ከፊል በሳፋሪኮም መስመር በስልክ ወደሚላክ ገንዘብ ተለወጠ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በጥሬው አይወጣም ነበር፤ ከተመረጡ ነጋዴዎች ምግብ ለመግዛት ብቻ ያገለግላል። በ2016 በተከፈተው በካሎቤዬ ደግሞ የምግብ ርዳታው አብዛኛው በዚሁ መንገድ እንዲሆን ተደረገ። ከ2019 ጀምሮ በካሎቤዬ ባምባ ቻኩላ በባንክ ሂሳብ በሚገባ ገንዘብ ቀስ በቀስ ይተካ ጀመር። ሰዉም በኢኩቲ ባንክ ሂሳብ እየተከፈተለት በስሙ የታተመ ካርድ ያዘ።

ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ይህን ግዛ፣ ከዚህኛው ግዛ የሚል ትእዛዝ የሌለበት ገንዘብ በስደተኛ እጅ ገባ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በኢንሴንቲቭ የሚሠራው፣ ንግድ ያለው፣ ከውጭ ዘመድ የሚልክለት ሰው ሁሉ በካርድ መገልገል ጀምሯል። ታዲያ ይህች ትንሽ ፕላስቲክ ለዕለት ኑሯችን ምን ትጠቅመናለች? አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ጥቅም ጥበቃ ነው። ቤታችን ከጭቃ፣ ከሸራና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። በትራስ ሥር ወይም በቆርቆሮ ጣሳ የተቀመጠ ገንዘብ ሌባ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢገባ አብሮ ይሄዳል፤ የሚመልሰውም የለም። ካርድ ግን ቢጠፋ የጠፋው ፕላስቲኩ ነው። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ነው ያለው። ያገኘው ሰው ሚስጥር ቁጥሩን ካላወቀ ከኤቲኤም ሊያወጣበት አይችልም። ባለቤቱ ቶሎ ለባንኩ አሳውቆ ካርዱን ያዘጋና በምትኩ ሌላ ያወጣል። ገንዘብ ይዞ በጨለማ ከገበያ ወደ ቤት መሄድ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ልክ ማወቅ ነው። ገንዘብ በጥሬው ተጠቃሎ እጅ ሲገባ ሽታው ብዙ ሰው ይጠራል። አንዱ ይበደራል፣ ልጁ ይለምናል፣ ራሳችንም ያላሰብነውን እንገዛለን። በካርድ የሚጠቀም ሰው ግን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያወጣል ወይም ይከፍላል። ቀሪው እዚያው ይቀመጣል። በዚህ ላይ የያዝነው ዴቢት ካርድ ነው። ክሬዲት ካርድ እንደሚባለው ባንክ የሚያበድርበት አይደለም። በሂሳቡ 500 ሽልንግ ካለ 600 ሽልንግ አይከፍልም። «የለህም» ይላል፣ በቃ። ይህ አንዳንዴ ያሳፍር ይሆናል፣ ሰውን ግን ከዕዳ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። በካርድ የተከፈለ እያንዳንዱ ሽልንግ ቀኑና መጠኑ ባንክ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚል ክርክር ሲነሳ የሚፈርደው የሂሳብ ዝርዝሩ ነው። በባልና ሚስት መካከል «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ስንት ቤት እንዳፈረሰ የምናውቀው ነው። ዝርዝሩን ሁለቱም አብረው ካዩት ጠብ ከመነሳቱ በፊት መልስ ይገኛል። ነገ ንግድ ልጀምር፣ ብድር ልጠይቅ የሚል ሰውም ቢሆን ባንክ መጀመሪያ የሚያይለት የሂሳቡን እንቅስቃሴ ነው።

አራተኛውና በእኛ አስተያየት ትልቁ ጥቅም ምርጫ ነው። ካርዱ በእጁ ያለ ሰው ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ይገዛል። ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ «እዚያኛው ቀንሶልኛል» ይላል። ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት አንድ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ቤተሰብ በወር 10 ኪሎ ዱቄት፣ 3 ሊትር ዘይትና 4 ኪሎ ስኳር ይገዛል እንበል። አንዱ ሱቅ ከሌላው ይልቅ በዱቄቱ ኪሎ 10 ሽልንግ፣ በዘይቱ ሊትር 30 ሽልንግ፣ በስኳሩ ኪሎ 20 ሽልንግ ቢያስወድድ፣ ልዩነቱ በወር 270 ሽልንግ ይሆናል። በዓመት 3,240 ሽልንግ ነው። የልጆች ደብተርና ጫማ የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ጥቅሞቹ እነዚህ ናቸው። ጥያቄው ጥቅሙ ለማን ነው የሚለው ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ካርዱንና ቁጥሩን ለያዘው ሰው ነው። ካርዱ በባለሱቁ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ጥበቃው የለም፤ ገንዘቡን ሌላ ሰው ማውጣት ይችላልና። ልክ ማወቅም የለም፤ ገንዘቡ በገባበት ቀን ተጠርጎ ይወጣል። ማስረጃውም ይጠፋል፤ የባንኩ ዝርዝር «ወጣ» ይላል እንጂ ማን እንዳወጣው አይናገርም። ምርጫማ ከሁሉ ቀድሞ የሄደ ነው። ካርዱ ያለበት ሱቅ ብቻ ነው የሚገዛው፣ በተባለው ዋጋ። የቤቱን ቁልፍ ለሌላ አስረክቦ በር ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰው መሆን ነው።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በ2020 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሎቤዬ ስላለው የገንዘብ ርዳታና ዕዳ ባወጡት ጥናት፣ ዕዳ በነዋሪው ዘንድ እጅግ የተስፋፋ መሆኑንና ነጋዴዎች የደንበኞቻቸውን የባንክ ካርድና ሲም ካርድ በመያዣነት እንደሚይዙ ጽፈዋል። ሲም ካርዱን ልብ ይሏል። በባምባ ቻኩላ ጊዜ በሲም ካርድ የተጀመረው ልማድ ነው ባንክ ሲመጣ ወደ ባንክ ካርድ የተሸጋገረው። ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ተለወጠ፣ መያዣው ግን አልተለወጠም።

ይህ ሁሉ ሲባል ካርዱን የሰጠውን ሰው ሞኝ ነው ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው የሚያወራው ሆዱን ሞልቶ ነው። ገንዘቡ የሚገባበት ቀን አይታወቅም፤ ልጆቹ ግን ዛሬ ይበላሉ። በዚህ መሀል ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይኖራል። ባለሱቁ «ካርድሽን ተይልኝና ውሰጂ፣ እናቴ» ሲላት አንዲት እናት ምን ትመርጣለች? ዱቤ ለብዙዎቻችን የክፉ ቀን መሸጋገሪያ ነው። ዱቤ ይጥፋ ብንል የሚሰማን አናገኝም፣ ትክክልም አይሆንም።

ባለሱቁም ቢሆን ክፉ ሰው ነው ብለን አንነሳም። ብዙዎቹ የገዛ ወገኖቻችን ናቸው፤ አብረውን የተሰደዱ፣ በቋንቋችን የሚያናግሩን፣ ስንታመም የሚጠይቁን። እነሱም ዕቃውን ከጅምላ አከፋፋይ በዱቤ ያመጣሉ። ደንበኛ ሳይከፍል ቢቀር፣ በድንገት ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄድ ወይም ካምፕ ቢቀይር ኪሳራው የእነሱ ነው። ካርድ የሚይዙት ከዚህ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ይገባናል። መድኃኒቱ ግን የሰው ካርድ መሰብሰብ አይደለም።

እንዲያውም ለባለሱቆች አንድ ነገር በቅንነት እንንገራቸው። በመሳቢያችሁ ያለው ካርድ ለእናንተም አደጋ ነው። የባንክ ደንብ ሚስጥር ቁጥርን ባለቤቱ ብቻ እንዲያውቀው ያዛል። የአንዱ ደንበኛ ገንዘብ ጎደለ በተባለ ቀን ካርዱም ቁጥሩም በእናንተ እጅ ስለተገኘ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እናንተ ናችሁ። የወሰዳችሁት የሚገባችሁን ብቻ ቢሆን እንኳ በምን ታስረዳላችሁ? ሱቁ በሌሊት ቢሰበርና ካርዶቹ ቢሰረቁስ ለሃያ ቤተሰብ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ለጥቂት ሺህ ሽልንግ ዱቤ ብሎ ስንት ዓመት የተገነባ ስምን ለአደጋ ማጋለጥ አይጠቅምም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ በበኩላችን የሚከተለውን እንላለን።

አንደኛ፣ መያዣው ደብተር ይሁን። ዱቤ በሁለት ደብተር ይጻፍ፤ አንዱ ለባለሱቁ፣ አንዱ ለደንበኛው። ቀን፣ ዕቃው፣ ዋጋው በሁለቱም ላይ ይስፈር፣ ሁለቱም ይፈርሙበት። መጻፍ የማይችል ሰው የሚያምነውን ሰው ወይም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁን ይዞ ይሂድ። የዱቤው ልክም አስቀድሞ ይወሰን። ከወር ገቢ በላይ የሆነ ዱቤ ለሰጪውም ለወሳጁም ገደል ነው።

ሁለተኛ፣ ዋስ ይኑር። እኛ ኢትዮጵያውያን ዕድርና ዕቁብ ይዘን ነው የተሰደድነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የዕቁብ ጓደኛ ወይም የብሎክ ጎረቤት በቃሉ ዋስ ቢሆን ከካርድ የተሻለ መያዣ ነው። ዋሱ ሲያፍር ተበዳሪው ይከፍላል።

ሦስተኛ፣ ክፍያው በባለቤቱ እጅ ይፈጸም። ገንዘቡ በገባ ቀን ባለዕዳው ራሱ ካርዱን ይዞ ይሂድ፣ ራሱ ቁጥሩን ያስገባ፣ ዕዳውን ይክፈል፣ በደብተሩ ላይ ያስፈርም፣ ካርዱን ወደ ኪሱ ይመልስ። ባለሱቁ አብሮ ቢሄድም ነውር የለውም። ነውሩ ባለቤቱ በሌለበት መሄዱ ነው። ክፍያ የሚቀበልበት ማሽን ባለው ሱቅ በቀጥታ በካርድ መክፈል ይመረጣል፤ ከኤቲኤም ወይም ከኤጀንት ባወጣን ቁጥር የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣልና። ማሽን በሌለበት ደግሞ አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት የሳምንቱን አስቦ አንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል።

አራተኛ፣ ቁጥሩን እንማር። ብዙ እናቶችና አባቶች ካርዳቸውን ለሌላ የሚሰጡት በዕዳ ብቻ አይደለም። ማሽኑን ስለሚፈሩትም ነው። በመምህርነት ሥራችን እንዳየነው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አራት ቁጥሮችን በመልካቸውና በቁልፉ ላይ ባሉበት ቦታ ለይቶ መያዝ ይችላል። የሚያስፈልገው የሚያሳየውና የማይስቅበት ሰው ነው። በየብሎኩ ያሉ ወጣቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ ካርቶን ላይ የማሽኑን ቁልፍ ሥለው ቢያለማምዱ ትልቅ ውለታ ነው። ሲያለማምዱ ግን በሐሰት ቁጥር ይሁን፤ የእውነተኛውን ቁጥር አስተማሪውም ማወቅ የለበትም። ቁጥሩ የልደት ዓመት ወይም 1234 አይሁን፣ ካርዱ ላይ አይጻፍ፣ ሲያስገቡም በሌላው እጅ ይሸፈን። ደጋግሞ መሳሳት ካርዱን ስለሚያዘጋ፣ የተጠራጠረ ሰው ከመገመት ይልቅ ባንክ ገብቶ ቢጠይቅ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ካርዱ ዛሬ በሌላ እጅ ያለበት ሰው በሰላም ያስመልሰው። መጀመሪያ ሂሳቡን ቁጭ ብለው ይተሳሰቡ፣ ቀሪው ዕዳ በደብተር ይጻፍ፣ ካርዱ ይመለስ። ካርዱ በተመለሰበት ቀን ሚስጥር ቁጥሩ ይለወጥ። ባለሱቁ እምቢ ካለ የብሎክ መሪና የኮሚኒቲ ሽማግሌዎች ይግቡበት። በዚህም ካልተፈታ ባለቤቱ ወደ ባንክ ሄዶ ካርዱን የማዘጋት መብት አለው። እዚህ ላይ ግን አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። ካርድ ማዘጋት ዕዳ መሰረዝ አይደለም። ዱቄቱን በልቶ፣ ካርዱን አዘግቶ፣ በሌላ መንገድ የሚዞር ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚያዋርደው። ነገ ለተራበው ጎረቤቱ የሚከፈተውን በር ይዘጋል። ዕዳ ይከፈላል፣ ካርድም ይመለሳል። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ነገሩ አይጸናም።

አንዳንድ ሰዎች «ካርዱ ባዶ ነው፣ ስለምኑ ታወሩልናላችሁ?» ሊሉን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2025 ለምግብ ርዳታ የሚሰጠው ገንዘብ ከለጋሾች ሲቀንስ ራሽን ምን ያህል እንደተቆረጠ፣ ሰዉም በምድብ በምድብ ተከፍሎ ምን ያህል እንደተጨነቀ የኖርንበት ነው። ያን ሁሉ ካርድ አይፈታውም። በካርድ መጠቀም የሌለውን ገንዘብ አይፈጥርም። ነገር ግን ገንዘቡ ሲበዛ አንድ መቶ ሽልንግ ቢጠፋ ላይታወቅ ይችላል፤ ሲያንስ ግን አንድ መቶ ሽልንግ የአንድ ቀን ራት ነው። ስለዚህ ጥቂት በሚገባበት ጊዜ ያችን ጥቂት ማን እንደሚያዝባት ይበልጥ ያሳስበናል እንጂ አያንስብንም።

በመጨረሻም የሚመለከታቸው አካላት ድርሻ አለባቸው። ገንዘቡ የሚገባበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ቢዘገይም ለምንና እስከ መቼ እንደሆነ ሰው ይወቅ። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ዱቤውን ይመጥናል፤ የማያውቅ ግን የባለሱቁን ፊት ማየት ግድ ይሆንበታል። ባንኮችም ስለ ካርድ አጠቃቀም በአማርኛም ሆነ በሌሎች የካምፑ ቋንቋዎች ያስረዱ። ካርድ ሲሰጡ ማስፈረም ብቻ በቂ አይደለም። መያዣ የሰጠ ሰው ርዳታዬ ይቆረጣል ብሎ ሳይፈራ የሚናገርበት መንገድም ይኑር።

ስደት ብዙ ነገር ወስዶብናል። አገር፣ ቤት፣ ሥራ፣ አንዳንዴም ስማችን በቁጥር ተተክቷል። በስማችን ታትመው ከቀሩልን ጥቂት ነገሮች አንዷ ይህች ካርድ ናት። ስለዚህ አንባቢያችን ዛሬ ማታ ኪሱን ይፈትሽ። ካርዱ እዚያ ካለ በደንብ ይያዘው። ከሌለ ደግሞ ነገ ጠዋት ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ባለሱቁ ይሂድና «ወንድሜ፣ እስቲ እንተሳሰብ» ይበለው።